በጐልማሳነት የነርስነትን ትምህርት ስለ መምረጥ

ልጅ ይማር፥ ጐልማሳ ይሥራ፥ ሽማግሌ ይምከር ተብሎ ዕድሜ እንደ ርስት ተከፋፍሎ መኖሩ ከጥንት የታወቀ ነው። ይህ ክፍፍል ለብዙው ሥራ የሚስማማ ቢሆንም፥ ሕመምተኛን የመርዳት ሙያ ግን ከዚህ ልማድ የሚያልፍ ነው። ልጅ ወልዶ ያሳደገ፥ ወላጁን አስታሞ የቀበረ፥ በስደት ወይም በችግር ተፈትኖ ትዕግሥትን የተማረ ሰው፥ በሕመምተኛ አልጋ አጠገብ ሲቆም ከወጣቱ ተማሪ ይልቅ ይዞት የሚመጣው ነገር አለ። መጽሐፍ የማያስተምረውን ርኅራኄና እርጋታ ኑሮ አስቀድሞ አስተምሮታልና።

ነገር ግን ጐልማሳው ተማሪ እንደ ወጣቱ ሊያባክነው የማይችለው አንድ ሀብት አለ፤ ይኸውም ዘመኑ ነው። ወጣት መንገድ ቢሳሳት ተመልሶ ይጀምራል። የ40 ዓመት ሰው ግን ቤት የሚያስተዳድር፥ ልጆች የሚያስተምር፥ ብዙ ጊዜም ለአገር ቤት ዘመዱ ገንዘብ የሚልክ በመሆኑ፥ በአንድ የተሳሳተ ምርጫ የሚጠፋበት የእርሱ የብቻው ጊዜ አይደለም። ስለዚህ በጐልማሳነት መማር ይቻላልን ብሎ ከመጠየቅ ይልቅ፥ የትኛው መንገድ ወደ እውነተኛው ግብ ያደርሳል ብሎ መመርመር ይሻላል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

የዛሬው የነርስነት ሙያ ራሱ ከአንዲት ጐልማሳ ተማሪ ጋራ የተያያዘ ታሪክ አለው። በ1820 ዓ.ም. የተወለደችው እንግሊዛዊቱ ፍሎረንስ ናይቲንጌል ከባለጠጋ ቤተ ሰብ የተገኘች ስትሆን፥ ሕመምተኛን ለመርዳት ገና በወጣትነቷ ብትመኝም ወላጆችዋ ፈቃዳቸውን ነፈጉዋት። በዚያ ዘመን በሆስፒታል የሚያገለግሉ ሴቶች እንደ ተራ ገረድ ይቈጠሩ ስለ ነበረ፥ ሥራው ለቤታቸው ክብር የማይስማማ መስሎ ታያቸው። እርስዋ ግን ዓመታትን ታግሣ በ1851 ዓ.ም. በ31 ዓመት ዕድሜዋ በራይን ወንዝ አጠገብ ወደሚገኘው ወደ ካይዘርስቬርት ሄደች። ይህ ቤት ቴዎዶር ፍሊድነር የተባለው የፕሮቴስታንት ቄስ ሴቶች ዲያቆናውያት ሕሙማንን እንዲያገለግሉ በ1836 ዓ.ም. ያቋቋመው ነበር። በዚያም ሦስት ወር ያህል ተምራ በ1853 ዓ.ም. በሎንዶን የአንድ የሕሙማን ቤት አስተዳዳሪ ሆነች። በ1854 ዓ.ም. በክሪሚያ ጦርነት ጊዜ በስኩታሪ ቍስለኞችን አገለገለች፤ በ1860 ዓ.ም. ደግሞ በሎንዶን በቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል የነርሶች ትምህርት ቤት በስሟ ተከፈተ።

በአገራችንም ሙያውን ያከበሩ ሰዎች አልታጡም። ልዕልት ፀሐይ በስደት ዘመን በእንግሊዝ አገር በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል የነርስነትን ትምህርት ተምረው በ1939 ዓ.ም. ፈጽመዋል። የንጉሥ ልጅነታቸው የሕፃናትን ቍስል ከማጠብ አልከለከላቸውም። በ1942 ዓ.ም. በወጣትነታቸው ቢያርፉም በስማቸው የመታሰቢያ ሆስፒታል በ1951 ዓ.ም. ተከፍቷል። በ1949 ዓ.ም. የቀይ መስቀል የነርሶች ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ ተቋቋመ፤ በ1954 ዓ.ም. ደግሞ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሥራውን ጀምሮ ከጤና መኰንኖች ጋራ ለየገጠሩ የሚሰማሩ ነርሶችን ማሠልጠን ያዘ። ስለዚህ ሙያው ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም።

ዛሬ ይህ ጥያቄ አጥብቆ ከሚነሣባቸው ስፍራዎች አንዱ፥ ከ1970ዎቹ ዓመታት ወዲህ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሰፈሩበት የአሜሪካ ዋና ከተማ ዋሽንግተንና በዙሪያዋ ያሉት የሜሪላንድና የቨርጂኒያ ከተሞች ናቸው። በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ የሚኖር ኢትዮጵያዊ፥ በአገሩ አስተማሪ ወይም የመንግሥት ጸሓፊ የነበረ ሰው፥ መኪና በማቆሚያ ስፍራ ወይም በታክሲ መንዳት ወይም በሽማግሌዎች መጦሪያ ቤት በረዳትነት ሥራ ዓመታትን ካሳለፈ በኋላ፥ ልጆቹ ከፍ ሲሉ ነርስ ለመሆን ያስባል። ይህ አሳብ መልካም ነው። መንገዱ ግን አንድ ሳይሆን ብዙ ስለ ሆነ፥ መለያየቱን ማወቅ ይገባል።

የመጀመሪያው ደረጃ የነርስ ረዳትነት ነው። በ1987 ዓ.ም. በወጣው የአሜሪካ ሕግ መሠረት በመጦሪያ ቤት የሚያገለግል ረዳት ቢያንስ 75 ሰዓት መሠልጠን አለበት። ይህ በጥቂት ሳምንት የሚፈጸም ሲሆን፥ ሕመምተኛን ማጠብን፥ ማንሣትን፥ መመገብንና የሰውነቱን ሙቀትና የደም ግፊቱን መለካትን ያስተምራል። ደመወዙ አነስተኛ፥ ድካሙም ብዙ ነው። ሆኖም ለጐልማሳው ትልቅ ጥቅም አለው፤ ብዙ ዓመትና ብዙ ገንዘብ ከማውጣቱ በፊት ሥራውን በእጁ ዳስሶ ይወድደው ወይም ይጠላው እንደ ሆነ ያውቃልና። የቍስል ሽታና የሌሊት ጩኸት የሚያስመርረው ሰው ይህን በሦስተኛው ዓመት ሳይሆን በሦስተኛው ሳምንት ቢያውቀው ይሻለዋል።

ሁለተኛው ደረጃ አንድ ዓመት ያህል የሚፈጀው የተግባር ነርስነት ነው። የዚህ ባለ ፈቃድ መድኀኒት ይሰጣል፥ ቍስል ያጥባል፤ ሥራው ግን በከፍተኛው ነርስ ወይም በሐኪም አመራር ሥር ነው። ብዙው ሥራ በመጦሪያ ቤቶች የሚገኝ ሲሆን፥ ትልልቆቹ ሆስፒታሎች በአብዛኛው ከፍተኛውን ፈቃድ ይፈልጋሉ። ሦስተኛው ደረጃ በማኅበረ ሰብ ኮሌጅ የሚሰጠው የሁለት ዓመት ዲግሪ ነው። አራተኛው በዩኒቨርሲቲ የሚሰጠው የአራት ዓመት የባችለር ዲግሪ ነው። በሌላ ትምህርት ዲግሪ ላለው ሰው ደግሞ ከ12 እስከ 18 ወር የሚፈጸም የተፋጠነ መንገድ አለ፤ ነገር ግን ይህ ከማለዳ እስከ ማታ የሚይዝ ስለ ሆነ ቤተ ሰብ እያስተዳደሩ ለመሥራት ፋታ አይሰጥም።

ከእነዚህ ሁሉ ለጐልማሳው ይበልጥ የተመቸው የሁለት ዓመቱ ዲግሪ ነው ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም። ታሪኩም ይህን ይመሰክራል። በቀድሞ ዘመን የአሜሪካ ነርሶች በብዛት የሚማሩት በሆስፒታል ውስጥ እያደሩ ስለ ነበረ፥ ባለ ትዳርና ልጅ ያለው ሰው መግቢያ አልነበረውም። ሚልድሬድ ሞንታግ የተባሉት የነርሶች አስተማሪ ትምህርቱ በአጭር ጊዜ በኮሌጅ እንዲሰጥ አሳብ አቅርበው በ1952 ዓ.ም. ሙከራው ተጀመረ። ከዚያ ወዲህ ያገቡ ሴቶች፥ ዕድሜያቸው የገፋና ወንዶችም ጭምር በዚህ በር ገቡ። በሜሪላንድ የሞንትጎመሪ ኮሌጅ፥ በቨርጂኒያም የሰሜን ቨርጂኒያ ማኅበረ ሰብ ኮሌጅ ይህን ትምህርት ይሰጣሉ። ከሁሉ የሚበልጠው ጥቅም፥ የሁለት ዓመቱና የአራት ዓመቱ ምሩቃን ለአንድ ዐይነት ፈተና ተቀምጠው አንድ ዐይነት ፈቃድ ማግኘታቸው ነው።

ይህም ሲባል የባችለር ዲግሪ ጥቅም የለውም ማለት አይደለም። በ2010 ዓ.ም. የአሜሪካ የሕክምና ጉባኤ ባወጣው ምክር በ2020 ዓ.ም. ከመቶ 80 የሚሆኑት ነርሶች የባችለር ዲግሪ እንዲኖራቸው አሳስቦ ነበር። የኒው ዮርክ ግዛትም በ2017 ዓ.ም. ባወጣው ሕግ አዲስ ነርሶች ፈቃድ ባገኙ በ10 ዓመት ውስጥ ይህን ዲግሪ እንዲጨምሩ ወስኗል። ነገር ግን በሁለት ዓመት ተመርቆ ሥራ የያዘ ነርስ ደመወዙን እየተቀበለ፥ ብዙ ጊዜም አሠሪው ሆስፒታል ከፊሉን እየከፈለለት የቀረውን ትምህርት ሊፈጽም ይችላል። ቤት የሌለው ሰው መጀመሪያ አንድ ክፍል ሠርቶ ከገባበት በኋላ ሌላውን እንደሚቀጥል ያለ ነው።

ወደ ትምህርቱ ከመግባት በፊት የሚጠየቁት ቅድመ ትምህርቶች ብዙዎችን ያዘገያሉ። የሰውነት አሠራር፥ የረቂቅ ነፍሳት ትምህርት፥ ሥነ ልቡና፥ ሒሳብና የእንግሊዝኛ ድርሰት ከእነዚህ ይቈጠራሉ። ከ20 ዓመት በፊት በአገር ቤት የተማሩት የሳይንስ ትምህርት በብዙ ኮሌጆች ዘንድ እንደ ዐረጀ ይቈጠራል፤ አንዳንዱ ካለፉት አምስት፥ አንዳንዱም ካለፉት ሰባት ወይም ዐሥር ዓመታት ወዲህ የተወሰደውን ብቻ ይቀበላል። መግቢያው በውጤት የሚወዳደሩበት በመሆኑም፥ እየሠራ አንድ ወይም ሁለት ትምህርት ብቻ ወስዶ በመልካም ውጤት የሚያልፍ ሰው፥ አራት ትምህርት በአንድ ጊዜ ወስዶ ከሚደክመው ሰው ቀድሞ ይደርሳል። ቸኵሎ የወደቀበት ውጤት በመዝገብ ላይ ተጽፎ ይቀራልና።

ስለ ገንዘብም አስቀድሞ ማስላት ያስፈልጋል። ፔል ግራንት የሚባለው የማይመለስ የመንግሥት ርዳታ ለአሜሪካ ዜጋ ብቻ ሳይሆን ለቋሚ ነዋሪና ለስደተኛም የሚሰጥ መሆኑን ብዙዎች አያውቁም። በሌላ ወገን ደግሞ ቀድሞ የባችለር ዲግሪ ያለው ሰው፥ ዲግሪው ከኢትዮጵያ የተገኘ ቢሆንም እንኳ፥ ይህን ርዳታ አያገኝም። እንዲህ ያለው ሰው ብድርን፥ የኮሌጁን ነጻ ትምህርትና የአሠሪውን ርዳታ መመርመር አለበት። ከገንዘቡም ጋራ ሰዓቱን ያስላ፤ በሆስፒታል የሚደረገው የልምምድ ትምህርት ከሌሊቱ 12 ሰዓት ተኩል አካባቢ የሚጀምርበት ቀን ስላለ፥ ልጆችን ማን ወደ ትምህርት ቤት እንደሚያደርስ ሳይወሰን የተጀመረ ትምህርት በመንፈቁ ይቋረጣል።

የትምህርቱ መደምደሚያ ኤንክሌክስ የሚባለው የፈቃድ ፈተና ነው። ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ በኮምፒዩተር የሚሰጥ ሲሆን፥ ተፈታኙ በመለሰው መጠን የሚከተለው ጥያቄ ይከብዳል ወይም ይቀልላል። በ2023 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር በታደሰው ሥርዓት ጥያቄዎቹ ከ85 የማያንሱ ከ150 የማይበልጡ ሲሆኑ፥ የተሰጠው ጊዜ አምስት ሰዓት ነው። ፈተናው ቃል በቃል የሸመደደውን አይፈልግም። አራት ሕመምተኞች ባሉበት ክፍል አስቀድሞ ወደ ማን ይኬዳል፥ የትኛው ምልክት ለሐኪም ይነገራል፥ የትኛውስ ሥራ ለረዳት ይሰጣል እያለ ፍርድን ይመረምራል። በአገራችን የቃል ትምህርት ብርቱ ሆኖ ያደገ ተማሪ በዚህ ስፍራ ልማዱን መለወጥ ግድ ይሆንበታል።

ስለዚህ ጐልማሳው ትምህርት ቤት ሲመርጥ ሦስት ነገር መጠየቅ ይገባዋል። አንደኛ፥ ትምህርት ቤቱ በግዛቱ የነርሶች ቦርድ የታወቀ ነውን? ካልታወቀ ምሩቁ ለፈተና ሊቀመጥ አይችልም። ሁለተኛ፥ ምስክርነት በሚሰጡት ማኅበራት ተመርምሮ የጸደቀ ነውን? ካልጸደቀ በዚያ የተማሩት ትምህርት ወደ ሌላ ኮሌጅ ሲሻገሩ ሊጣል ይችላል። ሦስተኛ፥ ከምሩቃኑ ስንቱ በመጀመሪያው ፈተና አለፉ? ይህን ቍጥር የግዛቶች ቦርዶች በየጊዜው ስለሚያወጡት፥ በማስታወቂያ ከተጌጠ ቃል ይልቅ እርሱን መመልከት ይበጃል።

ይህን አለመጠየቅ ምን እንደሚያስከትል በጥር 2023 ዓ.ም. በገሃድ ታይቷል። የአሜሪካ የፍርድ ባለ ሥልጣኖች በፍሎሪዳ ግዛት የነበሩ ሦስት ትምህርት ቤቶች ከ7,600 የሚበልጥ የሐሰት የነርስ ዲፕሎማ መሸጣቸውን አስታወቁ። ከገዢዎቹም 2,400 ያህሉ ፈተናውን አልፈው እንደ ነበረ ተነገረ። በየግዛቱ ያሉ ቦርዶችም ፈቃዳቸውን መሰረዝ ጀመሩ። ይህ ነገር ለሁለት ወገን ተግሣጽ ነው። የሕመምተኛ ነፍስ በእጁ የሚሰጠው ሰው በአልጋ አጠገብ ያልሠለጠነ እንደ ሆነ አደጋው የታወቀ ነው። በሌላውም ወገን፥ በአጭር ጊዜ ያለ ድካም ትመረቃለህ የሚል ቃል የሚጣፍጠው ሥራና ቤተ ሰብ ጊዜ ለነሳው ለጐልማሳ ነው፤ ወጥመዱም ብዙ ጊዜ የሚዘረጋው በዚሁ ድካሙ ላይ ነው።

በአገር ቤት ነርስ ሆኖ የተመረቀ ሰው ነገሩ ልዩ ነው። ብዙዎች ማስረጃቸው የማይረባ መስሎአቸው ከረዳትነት ይጀምራሉ፤ ዓመታትም እንዲሁ ያልፋሉ። ነገር ግን በውጭ አገር የተማሩ ነርሶችን ማስረጃ የሚመረምር ድርጅት ከ1977 ዓ.ም. ጀምሮ በአሜሪካ አለ። ትምህርቱ የውስጥ ደዌን፥ ቀዶ ሕክምናን፥ የእናቶችን፥ የሕፃናትንና የአእምሮ ሕሙማንን ጥበቃ የሚያካትት ሆኖ ከተገኘና የግዛቱ ቦርድ ከተቀበለው፥ እንደ ገና ሳይማር ለፈተና ሊቀመጥ ይችላል። የጐደለ ክፍል ቢገኝም ያንኑ ብቻ ማሟላት ከሁሉ እንደ ገና ከመጀመር ይቀልላል። ስለዚህ እንዲህ ያለው ሰው ወደ ኮሌጅ ከመሄዱ በፊት ማስረጃውን ያስመርምር።

በዚህ ስፍራ የአገር ቤት ሹማምንት ድርሻ ይገለጣል። የምርመራው ድርጅት ማስረጃውን የሚቀበለው ከተማሪው እጅ ሳይሆን ከትምህርት ቤቱ በቀጥታ ታሽጎ ሲላክለት ነው። በአንድ የመዝገብ ክፍል ሠራተኛ ጠረጴዛ ላይ ነገ ና፥ ከነገ ወዲያ ና እየተባለ የሚዘገይ አንድ ወረቀት፥ በባሕር ማዶ ያለውን ሰው ከሙያው አርቆ ሊያስቀምጠው ይችላል። የተማረበትን የትምህርት ዝርዝርና የልምምድ ሰዓት በንጹሕ መዝገብ መጠበቅ፥ በተጠየቀም ጊዜ በፍጥነት መላክ፥ ውለታ ሳይሆን የሥራ ግዴታ ነው። መዝገቡ የተበላሸበት ትምህርት ቤት ከተማሪው ላይ ያለፈ ዘመኑን እንደ ወሰደበት ይቈጠራል።

በአገር ውስጥም በዲፕሎማ ተመርቀው በየጤና ጣቢያው ዓመታት ያገለገሉ፥ በጐልማሳነታቸውም ወደ ዲግሪ ለማደግ የሚሹ ነርሶች አሉ። የእነዚህ ትምህርት ለአገር የሚሰጠው ጥቅም ሁለት እጥፍ ነው፤ የሕዝቡን ቋንቋና በሽታ አስቀድመው የሚያውቁ ናቸውና። አንድ አለቃ ለእንዲህ ያለው ሠራተኛ የሌሊቱን ተራ ከትምህርቱ ሰዓት ጋራ አስማምቶ ቢያዘጋጅለት ምንም ገንዘብ ሳያወጣ ትልቅ ትምህርት ቤት እንደ ሠራ ያህል ነው። ሠራተኛዬ ቢማር ይለየኛል ብሎ የሚከለክል አለቃ ግን፥ ያልተማረውንና ልቡ ያዘነውን ሠራተኛ ይዞ ይቀራል።

ካህናትም በዚህ ነገር የሚያደርጉት አላቸው። በስደት አገር ያለ ምእመን ሥራውንና ትዳሩን የሚያማክረው ብዙ ጊዜ የነፍስ አባቱን ስለ ሆነ፥ የእነርሱ ቃል ያበረታል ወይም ያሰናክላል። ሚስቱ ስትማር ቤቱ የተዘነጋ የሚመስለው ባል፥ ባሏ ሲማር ገንዘብ የጐደለባት ሚስት፥ ሁለቱም ወደ አባታቸው ይሄዳሉ። በዚያን ጊዜ ይህ ድካም የተወሰነ ዘመን ያለው መሆኑን አስረድቶ፥ ማብሰሉንና ልጅ መጠበቁን እንዲካፈሉት የሚመክር አባት ትዳሩንም ትምህርቱንም ያድናል። የሕመምተኛን ገላ ማጠብና እዳሪውን ማንሣት ውርደት መስሎ ለሚታየው ሰውም፥ በመንገድ የወደቀውን ቍስለኛ አንሥቶ ዘይትና ወይን ያፈሰሰለት ሳምራዊ የተመሰገነው ስለዚሁ ሥራ መሆኑን ማስታወስ የእነርሱ ፈንታ ነው።

ስለ ኀይል ማነስም አስቀድሞ ማሰብ መልካም ነው። በአሜሪካ ሆስፒታሎች ብዙው ነርስ በሳምንት ሦስት ቀን በየቀኑ 12 ሰዓት በእግሩ ቆሞ ይሠራል፤ አዲስ ነርስም ብዙ ጊዜ ሌሊቱን ይመደባል። ወገቡ የታመመ የ50 ዓመት ሰው ይህን ለብዙ ዓመት አይችለው ይሆናል። ሆኖም ፈቃዱ አንድ ሲሆን የሥራው ስፍራ ብዙ ነው። የኵላሊት ማጠቢያ ክፍል፥ የትምህርት ቤት ጤና፥ በየቤቱ እየዞሩ ሕሙማንን መጐብኘት፥ የሕዝብ ጤና ጥበቃና ማስተማር ሁሉ የነርስ ስፍራዎች ናቸው። አርቆ የሚያይ ሰው ከመጀመሪያው የሥራ ስፍራው አልፎ ከዐሥር ዓመት በኋላ የት እንደሚቆም ያስባል።

አንዲት የ38 ዓመት እናት ቅድመ ትምህርቱን በሁለት ዓመት፥ ዋናውን ትምህርት በሁለት ዓመት ብትፈጽም፥ ፈቃድ ስታገኝ 42 ዓመት ይሆናታል። ይህ ዘግይቷል የሚል ሰው ካለ፥ ባትማርስ ከአራት ዓመት በኋላ ስንት ዓመት ይሆናታል ብሎ ይጠይቅ። ያው 42 ነው። ልዩነቱ በእጅዋ የያዘችው ነገር ነው። ከዚያም በኋላ ሃያ ዓመት ያህል ልታገለግል ትችላለች፤ ሃያ ዓመት ደግሞ ለብዙ ሺህ ሕሙማን የሚበቃ ዘመን ነው።

እንግዲህ በጐልማሳነት ይህን ሙያ የሚመርጥ ሰው አጭሩን ሳይሆን እውነተኛውን መንገድ ይፈልግ፤ በር የሚዘጋውን ሳይሆን ደረጃ በደረጃ የሚያሳድገውን ይያዝ፤ ከመጀመሩም በፊት ትምህርት ቤቱን፥ ገንዘቡን፥ ሰዓቱንና ቤቱን ይመርምር። በሥልጣን ያሉትም መዝገቡን በጊዜው በመስጠት፥ በምክር ያሉትም ቃላቸውን በማቅናት ይርዱት። ጐልማሳን ማስተማር ለአንድ ሰው የተደረገ ቸርነት ሆኖ አይቀርም፤ ነገ በሕመም አልጋ ላይ ለሚተኛው ለእያንዳንዱ ሰው አስታማሚ አስቀድሞ ማዘጋጀት ነው።